አፈሩ የት ሄደ?

አያቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ በእግሯ ላሊበላ ደርሳለች። ከግራና ተነሥታ መርሳን አልፋ፣ ከወልድያ በዲልብ በኩል ተራራውን ወጥታ፣ ለገና በዓል የደረሰችው በስድስተኛው ቀን እንደ ነበር ትነግረን ነበር። የስንቁን በሶ ያዘጋጁላት ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ዋጋቸው «እዚያ ስትደርሺ ለእኔም ዱዓ አድርጊልኝ» የሚል ብቻ ነበር። አያቴም አደራውን ፈጽማ፣ በነጠላዋ ጫፍ አንዲት ቋጠሮ ቀይ አፈር ይዛ ተመለሰች።

እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም። ቋጠሮዋን ያየኋት ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ አያቴ ሣጥኗን ከፍታ ልብስ ስታናፍስ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍለው እንደ ወጡ ደጋግማ ነግራኝ ስለ ነበር፣ እንደ ማንኛውም ጉድጓድ ቆፍሮ እንደሚጫወት የገጠር ልጅ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። «እማ፣ አፈሩን የት ጣሉት?»

«መላእክት ወሰዱት።»

«ሁሉንም?»

«ጥቂቱን እኔ አመጣሁት» አለችና ሣቀች።

መቼም የልጅ ጥያቄ ሲያድጉ ይረሳል ይባላል። የእኔ ግን አልተረሳም። እንዲያውም ስለ ጥንታዊ ከተማ ጻፍ ስባል በመጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ይኸው ጥያቄ ሆነ።

አንባቢ «የግራና ልጅ ስለ ላስታ ምን አገባው?» ቢል አይፈረድበትም። ግራና ሐውልት የላትም፤ ቤተ መንግሥት የላትም። ስሟ በመንግሥት ወረቀት ላይ የገባው ይበልጡን ከቆቦ ጋር ተጣምሮ፣ የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ተብሎ ከመስኖ ጋር ሲነሣ ነው። ማሽላና ጤፍ፣ ሽንኩርትና ሙዝ የሚበቅልበት ቆላማ አገር ናት። ነገር ግን ከዚህ ሸለቆ ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የሚያየው የላስታን ተራሮች መግቢያ ነው። በጥንት መጻሕፍት አንጎት የሚባለው አገር በዚሁ በወልድያና በቆቦ አካባቢ ይገኝ ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአንጎት በኩል አልፏል። በዚያ አገር ከአሞሌ ጨው ሌላ እንደ አካፋ ያለ ቅርጽ የተሰጠው ብረት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ማየቱንም ጽፏል። እኔን ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ደጋው ላይ ለዓመታት ድንጋይ የሚፈለፍል ሕዝብ እህል ይበላል፤ ጨው ይልሳል፤ መሮና ዶማ ይጨርሳል። እህሉም፣ ጨዉም፣ ብረቱም ከሰማይ አይወርድም። ቆላና ደጋ ተያይዘው ካልኖሩ ያ ሁሉ ሥራ እንዴት ይሆን ነበር? ይህ የእኔ ግምት ነው፤ እንደ ግምት ይወሰድልኝ።

አሁን ወደ ላሊበላ እንውጣ።

እንግዳ ሆኖ የሄደ ሰው የሚያየው የታወቀ ነው። የዮርዳኖስ ወንዝ በሁለት የሚከፍላቸው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ለብቻው ገለል ብሎ የቆመባቸው ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት። ከሁሉ የሚተልቀው ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 23 ሜትር ያህል ስፋት፣ 11 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። አስጎብኚው እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ይወጣቸዋል። እንግዳውም አፉን ከፍቶ ይሰማል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ይመለሳል።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ከጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በዲፕሎማ በወጣሁ ማግሥት ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ላይ ሆኜ ቁልቁል ስመለከት፣ ከሕንፃው ይልቅ ባዶው ጎልቶ ታየኝ። በሕንፃው ዙሪያ አየር ሆኖ የቀረው ቦታ ሁሉ አንድ ጊዜ ድንጋይ ነበር። በቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያም እንዲሁ፤ በየቦዩና በየመተላለፊያው እንዲሁ። ተፈልጦ የወጣው በብዙ ሺህ ሜትር ኪዩብ የሚቆጠር መሆን አለበት። አስጎብኚዬን የልጅነት ጥያቄዬን ጠየቅሁት። ወጣቱ ጥቂት አሰበና «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ። ጨዋ መልስ ነበር።

ስለ ላሊበላ የሚነገረው ታሪክ ዋና ምንጩ ገድሉ ነው። ገድለ ላሊበላ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ሲሆን፣ በ1892 እ.ኤ.አ. ዢል ፔሩሾን የተባለ ፈረንሳዊ ከትርጉም ጋር አሳትሞታል። ሲወለድ ንቦች እንደ ከበቡት፣ ወደ ሰማይ ተነጥቆ የአብያተ ክርስቲያናቱን አምሳል እንዳየ፣ ሰዎች ቀን የሠሩትን መላእክት ሌሊት እየጨመሩበት ሥራው እንደ ተፈጸመ ይተርካል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የማናስተውለው ግን በዚያው ገድል ውስጥ ያለች አንዲት ነገር ናት፤ ንጉሡ አብያተ ክርስቲያናቱን የሚሠራበትን መሬት ከባለቤቶቹ በወርቅ ገዛው ይላል።

ገዛው! እንግዲህ ሻጭ ነበረ ማለት ነው። ሮሐ ምድረ በዳ አልነበረችም። ንጉሡ ከመምጣቱ በፊት ሰው ይኖርባት፣ ርስት ይቆጠርባት ነበር። ገድል የሚጽፍ ሰው ንጉሡን ለማመስገን ሲል የገለጸው ደግነት፣ ሳያስበው ስለ ከተማዋ ዕድሜ ምስክርነት ሰጠ።

ንጉሡ ራሱ የተረት ሰው አይደለም። በዘመኑ የተጻፉ መረጃዎች አሉት። ግብፃውያን የጻፉት የእስክንድርያ አባቶች ታሪክ በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ላሊበላን በስሙ ጠርቶ፣ የሚኖርበትንም ከተማ አደፋ ይለዋል። በሽመዛና በሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ወንጌል ውስጥ የተገለበጡ የመሬት ስጦታዎቹ በ1204 እና በ1225 እ.ኤ.አ. የተጻፉ ናቸው። በላሊበላ ከተማ ባሉት ጥንታዊ የእንጨት መንበሮች ላይም ስሙ በግእዝ ተቀርጾ ይነበባል። ስለዚህ «ላሊበላ ሠራ» የሚለው ቃል መሠረት አለው። ጥያቄው «ሁሉንም? ከባዶ? በአንድ ዘመን?» የሚለው ነው።

አልቫሬዝ ሥራው ሁሉ በ24 ዓመት እንዳለቀና የሠሩትም ነጮች እንደ ሆኑ ሰዎች ነገሩኝ ብሎ ጽፏል። ይህች ቃል ብዙ ጣጣ አምጥታለች። ከዚያ ወዲህ ግብፃውያን ናቸው ያለ አለ፤ ከኢየሩሳሌም የመጡ ፈረንጆች ናቸው ያለም አለ። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግራሃም ሃንኮክ የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ የቴምፕላር ባላባቶችን ጎትቶ አስገባቸው። አያቴ ሥራውን ለመላእክት ስትሰጥ ቢያንስ እምነቷ ነው። ለፈረንጅ ባላባት መስጠት ግን እምነትም ዕውቀትም አይደለም።

እንግዲህ አርኪዮሎጂው እዚህ ላይ ይገባል። ለረጅም ዘመን ላሊበላን ያጠኑት እንደ ሥነ ሕንፃ እንጂ እንደ ከተማ አልነበረም። ፈረንሳዊው ራፍሬ በ1882 እ.ኤ.አ. ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ መጽሐፍ አወጣ፤ ጣልያናዊው ሞንቲ ዴላ ኮርቴ በ1940 እ.ኤ.አ. ሌላ ጨመረ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለው አርክቴክት ጥገናውን መራ። በ1978 እ.ኤ.አ. ላሊበላ በዓለም ቅርስነት መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን «ቆፋሪዎቹ አፈሩን የት ጣሉት?» ብሎ አፈሩን የመረመረ የለም ማለት ይቻላል።

ችግሩም የሚገባ ነው። አርኪዮሎጂስት ሥራው መደርደር ነው። በተለመደው ቁፋሮ ከታች ያለው አሮጌ፣ ከላይ ያለው አዲስ ነው፤ ሰው ኖሮ ኖሮ በላዩ ላይ ሌላ ሰው ይኖራልና። ላሊበላ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። እዚያ የተገነባ ነገር የለም፤ የተቀነሰ እንጂ። ፈልፋዩ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ያለው አሮጌ፣ ዝቅ ያለው አዲስ ይሆናል። ከዚህም የከፋው፣ አዲሱ ሥራ አሮጌውን እየበላ ነው የሚሄደው። ትናንት ወለል የነበረው ዛሬ ተፈልጦ ሲወጣ፣ በወለሉ ላይ የነበረው ትራፊ ሁሉ አብሮ ይጣላል። ዳቦውን ሳይሆን የጎደለውን አይቶ ማን እንደ ቆረሰው እንደ መናገር ያለ ነገር ነው።

የሆነ ሆኖ ዐይን ላለው ሰው ምልክት አይጠፋም። አየር ላይ የተንጠለጠለ በራፍ አለ፤ ከደፉ ወዲያ እግር የሚያሳርፍ መሬት የሌለው። ያ በራፍ ሲፈለፈል ምድሩ በእሱ ልክ እንደ ነበረ፣ ኋላ ግን ሌሎች ይበልጥ እንደ ቆፈሩት ይመሰክራል። የአንዱ ቦይ ሌላውን አቋርጦ ያልፋል፤ የተቋረጠው ቀዳሚ ነው። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከጥልቅ ቦይ አፋፍ ላይ ቆሞ በድልድይ የሚገባበት፣ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ምሽግ የሚመስል ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህና ቤተ መርቆሬዎስ መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያንነት እንዳልተሠሩ፣ ዕድሜያቸውም ከ7ኛው ወይም ከ8ኛው ምዕተ ዓመት ሊጀምር እንደሚችል ሐሳብ አቅርቧል። ከንጉሥ ላሊበላ አራት መቶ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ሁሉም የተቀበለው አሳብ አይደለም።

የአፈሩን ጉዳይ የጠየቁት ፈረንሳውያን ናቸው። ፍራንስዋ ግዛቪዬ ፎቬል፣ ማሪ ሎር ዴራ፣ ክሌር ቦስ ቲየሴና ጓደኞቻቸው በ2010 እ.ኤ.አ. «አንቲኩዊቲ» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በአንድ ጊዜ የተሠሩ ሳይሆኑ በተከታታይ ዘመናት ሲፈለፈሉ፣ ሲሰፉና መልካቸው ሲለወጥ የኖሩ መሆናቸውን አሳዩ። ተፈልጦ የወጣውንም አገኙት። የትም አልሄደም። ለስንት ዘመን እንደ ተፈጥሮ ጉብታ ሲታይና ሲረገጥ የኖረው ቁልል፣ የቆፋሪዎቹ ፍንጣሪ ነው።

ጽሑፉን ሳነብ ጮክ ብዬ ሣቅሁ። አያቴ ግን አርፋ ነበር።

ጥናቱ በዚያ አላበቃም። በ2021 እ.ኤ.አ. ከዚያው ቡድን የተወሰኑት በዚያው መጽሔት ላይ ላሊበላን ዋሻ ሚካኤል ከሚባል ሌላ ቦታ ጋር አነጻጽረው፣ በሁለቱም ቦታ የመጀመሪያዎቹ ፍልፍሎች ክርስቲያን ያልነበሩ ሰዎች ሥራ እንደሚሆኑና ኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያንነት እንደ ተለወጡ ተከራከሩ። በከተማዋ ውስጥ ቀደምት በሚባለው ሠፈር ደግሞ ኢቭ ግሌዝና ባልደረቦቹ ለብዙ ምዕተ ዓመታት ያገለገለ የመቃብር ቦታ ቆፍረው አጥንተዋል። ንጉሥ የተቀበረበትን ጎልጎታን ሁሉም ይሳለማል። ቀደምት ላይ ያረፉት ግን ስም የላቸውም፤ ምናልባትም ከመካከላቸው መሮ የጨበጡት አሉበት። ለእኔ ከተማ ማለት እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ። እንዲህ ያለውን ጥናት ሲሰሙ የሚቆጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። «ፈረንጅ ንጉሣችንን ሊነጥቀን ነው» ይላሉ። ቁጣቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ብዙ ተነጥቀናል። ነገሩን ለአንድ አዛውንት ቄስ አነሣሁባቸው። ቄሱ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሲሰሙኝ ቆዩና፣ «ገድሉ ገዛ ካለ ሻጭ ነበራ! ደግሞስ መሬት ሲሸጥ ያለውን ቤት ነቅሎ የሚሄድ አለ? ዋሻው ከነበረ ከዋሻው ጋር ነው የገዛው» አሉኝ። እኔ በሁለት ዓመት ንባብ የደረስኩበትን አባ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። የነበረን ዋሻ ይዞ፣ አስፍቶና አጥልቆ፣ መንበር አቁሞ ዳግማዊት ኢየሩሳሌም ማድረግ ከባዶ ከመጀመር የሚያንስ ሥራ አይመስለኝም።

ከዛጉዌ በኋላ መንግሥቱ ወደ ደቡብ ሲሄድ አደፋ ጠፋች፤ ሮሐ ግን አልጠፋችም። ስሟን በንጉሡ ስም ለውጣ ቀጠለች። በ1530ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢማም አሕመድ ሲመጡ መነኮሳቱን እዚያው አገኟቸው። ጀርመናዊው ሮልፍስ ከመቅደላ ጦርነት ጋር በ1868 እ.ኤ.አ. ሲያልፍ ሰው ነበረባት። ነዋሪው ከቀዩ ድንጋይ ክብ ባለ ፎቅ ቤት ሠርቶ፣ ከላይ ተኝቶ ከብቱን ከታች አሳድሮ፣ ገና በመጣ ቁጥር ተሳላሚውን ሲያሳድር ኖረ። ያለዚህ መንደር ቤተ ማርያም አፋፍ ላይ የሚዘመረውን ቤዛ ኵሉ ማን ይሰማው ነበር?

የእኔ አክስት ከዚህ መንደር ሰዎች አንዷ ናት። ከግራና ተድራ ሄዳ፣ ጠላ እየጠመቀች ተሳላሚ ታሳድር ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል ወደ ኩራኩር ሲዛወሩ፣ እሷም ተዛወረች። አሳቡን በጅምላ አልነቅፈውም። ከሽንት ቤትና ከቆሻሻ ውኃ የሚሰርገው እርጥበት ድንጋዩን ይጎዳዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ካሳዋን ለማስላት የመጣ አንድ ሠራተኛ (የየትኛው ቢሮ እንደ ሆነ ልተወው) ቤቷን በሜትር ለክቶ፣ በጣራውና በግድግዳው ልክ ዋጋ ጽፎ ሄደ። ተሳላሚው በበሯ ማለፉ በየትኛው ሜትር ይለካል? ኩራኩር ላይ ጠላ ብትጠምቅ የሚጠጣው ማን ነው? ያ ገድል የጻፈው ንጉሥ የከፈለው ስንት እንደ ነበረ ለማወቅ ያን ዕለት በጣም ፈልጌ ነበር።

መንደሩ ሲነሣ ለዐይን ነፃ የሆነው ቦታ ላይ በዚያው ዘመን የብረት ጣራዎች ቆሙ። በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው ነበር። ጊዜው አልፎ ነዋሪው «ሊወድቁብን ነው» እያለ ሲጮህ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው ለጥገናው ቃል ገቡ። ከዚያ ጦርነቱ ደረሰ፤ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች፤ የእኛም ቆላ እንዲሁ። በእነዚያ ወራት ስለ ቅርስ መጨነቅ ቅንጦት ነበር። አክስቴ ስልክ ሲያገኝላት የምትጠይቀኝ ስለ ዱቄት ነበር።

በቅርቡ ሄጄ አየኋት። የቀድሞ ቤቷን ቦታ እንድታሳየኝ ስለምን፣ ነጠላዋን ደርባ አብራኝ ወረደች። ሣር ለብሷል። በጣቷ «በሩ እዚህ፣ ምድጃው እዚህ፣ ጋኑ እዚያ» እያለች አየር ላይ ቤቱን መልሳ ሠራችው። ከዚያ እንደ ዋዛ «ሽንት ቤት ስናስቆፍር ወንዶቹን ያማረራቸውን ብታይ! ከሦስት ክንድ በታች አፈር የለም፤ ሁሉ የተፈለጠ ድንጋይ፣ ስብርባሪ ነው። አካፋ አይገባውም» አለችኝ።

«የምን ድንጋይ?»

«የአብያተ ክርስቲያናቱ ነዋ! የምን ሊሆን ኖሯል?» አለችኝ፤ እንዲህ ያለውን የሚጠይቅ ሰው በማየቷ ተገርማ። «እኛ እኮ ሁላችንም በእሱ ላይ ነበርን።»

ሣሩን በእግሬ ገለጥ ሳደርገው ቀዩ ፍንጣሪ ታየ። ጎንበስ ብዬ የጣት ያህል አንዲት አነሣሁ፤ በአንድ በኩሏ የመሮ ጭረት ያለባት ይመስላል። ጥበቃው ከወዲያ አፋፍ ሆኖ «ወንድሜ፣ ከዚህ ምንም አይነሣም» ብሎ ተጣራ። መልሼ አስቀመጥኳት።

አክስቴ ጥበቃውን በስሙ ጠርታ የእናቱን ጤንነት ጠየቀችው።